ኢክቶሚ ለምን አይማርም? የላኮታ ተረቶችን ስናነብ ግር ስለሚሉን ነገሮች

ባለፈው ታኅሣሥ የእህቴን ልጅ ላስተኛ ብዬ አንድ ተረት ነገርኳት። ስምንት ዓመቷ ነው። ተረቱ የኛ አገር አይደለም፤ በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሜዳዎች ላይ የሚኖሩት ላኮታዎች የሚያወሩት ነው።

ኢክቶሚ ሸረሪት ነው፤ ሰውም ነው። አንድ ቀን ርቦት ሲንከራተት ውኃ ዳር የሰቡ ዳክዬዎች አየ። ወዲያው ሣር አጨደና ጠቅልሎ ተሸከመ፤ ከዚያ እንዳላያቸው ሆኖ በአጠገባቸው አለፈ። «ምን ተሸክመህ ነው?» አሉት። «ዘፈን» አላቸው። «እንስማው!» አሉ። ትንሽ ተለመነ። ከዚያ የሣር ጎጆ ቀለሰና አስገባቸው። «በዚህ ዘፈን ስትጨፍሩ ዓይናችሁን ጨፍኑ። የገለጠ ዓይኑ ለዘላለም ቀይ ሆኖ ይቀራል» አለ። ዳክዬዎቹ ጨፍነው ጨፈሩ። እሱ በአንድ እጁ ምት ይመታል፣ በሌላው ዱላውን ይዞ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ይጥላል። አንዷ ግን አላስቻላትም። ገለጥ አድርጋ አየች። «ሩጡ! እየጨረሰን ነው!» ብላ ጮኸች። የዚያች ዳክዬ ዘሮች ዓይናቸው እስከ ዛሬ ቀይ ነው።

ኢክቶሚ የገደላቸውን እሳት ላይ አደረገ። ሊበላ ሲል ነፋስ ሁለት ዛፎችን እያፋተገ ሲጢጥ አደረጋቸው። ድምፁ ሰላም ነሳው፤ ወጥቶ ሊያላቅቃቸው ሲሞክር መሃላቸው ተቀረቀረ። ተኩላዎች በሩቁ ሲያልፉ አያቸውና «ወዲህ እንዳትመጡ! ዳክዬዎቼን እንዳትነኩ!» ብሎ ጮኸ። ተኩላዎቹ ስለ ዳክዬ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። አፉ ነው ያሳወቃቸው። መጥተው ጠራርገው በሉለት።

የእህቴ ልጅ ስቃ ስትጨርስ «ከዚያስ ተማረ?» አለችኝ። አልተማረም፤ በሚቀጥለው ተረትም ያው ሌባ ነው አልኳት። «ታዲያ ተረቱ ምን ሊያስተምረን ነው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። እነዚህን ተረቶች የሚያነብ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ጥያቄ ላይ ይደርሳል። አንዱ «የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሌላው «ጥልቅ ምሥጢር አለው» ብሎ ያጋንነዋል። ሁለቱም ቢሆኑ ተረቱን ከነተናጋሪው፣ ከነወቅቱና ከነቦታው ሳይሆን ወረቀት ላይ ብቻ ያገኙት ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ እነማን ናቸው?

በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ሕዝቡ «ሱ» ተብሎ ይጠራል። በፊደላችን ግን «የሱ ተረት» ብዬ ስጽፍ «የማን? የእሱ?» ማለታችሁ አይቀርም። ደግነቱ ሕዝቡም ስሙን ብዙ አይወደውም። ስሙን ያወጡላቸው ጎረቤቶቻቸው ኦጂብዌዎች ናቸው፤ ፈረንሳይ ነጋዴዎች ረጅሙን ቃል በራሳቸው አፍ ቀይረው መጨረሻውን ብቻ አስቀሩት። እነሱ ራሳቸውን «ኦቼቲ ሻኮዊን» ይላሉ፤ ሰባቱ የሸንጎ እሳቶች ማለት ነው። እንደ አነጋገራቸው ላኮታ፣ ዳኮታ እና ናኮታ ይባላሉ፤ የቃሉም ትርጉም ወደ «ወዳጅ» ወይም «አጋር» የተጠጋ ነው። ዛሬ የሚኖሩት በተለይ በደቡብና በሰሜን ዳኮታ፣ በሚኒሶታ፣ በነብራስካ፣ በሞንታና እንዲሁም በካናዳ ነው። ከዚህ በኋላ ላኮታና ዳኮታ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሁሉም «ተረት» ነው እንዴ?

አይደለም። አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

እኛ ቤት «ጦጣና አዞ» ተረት ነው። ተአምረ ማርያምን ግን ማንም ከሱ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጥም። አያቴ ስለ ማይጨው የነገሩኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ወሬው የአንድ የማውቀው ሰው ሕይወት ነው። ሦስቱንም አንድ ላይ ጠርዞ «የኢትዮጵያ አፈ ታሪኮች» የሚል የውጭ መጽሐፍ ቢገጥማችሁ ቅር ይላችኋል። በላኮታ ላይ የተደረገው ይኸው ነው።

እነሱ ግን ይለያሉ። «ኦሁንካካን» የሚሉት ከጥንት ከጥንት የመጣውን ነው። ዓለም ገና ቅርጿን ሳትይዝ፣ እንስሳት ሲናገሩ፣ ኢክቶሚ ሲዞር የነበረበት ጊዜ ወሬ ነው። ሰሚው ይህ ትናንት ሆነ ብሎ እንዲያምን አይጠበቅበትም። «ዎያካፒ» የሚሉት ደግሞ እንደ እውነት የሚተረከው ነው፤ የእገሌ ጦርነት፣ የእገሊት ጉዞ፣ በዚህ ሰፈር የሆነ ነገር።

ቋንቋቸውም ይህን ያግዛል። የጥንቱን ሲያወሩ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ «እንዲህ ይባላል» የምትል ቃል ጣል ያደርጋሉ። እኛም «አንድ ንጉሥ ነበረ አሉ» ስንል ያቺ «አሉ» ሥራ አላት። እኔ አላየሁም፣ ሲሉ ሰማሁ ማለት ናት። በእንግሊዝኛው ትርጉም ይህች ቃል ብዙ ጊዜ ትወድቃለች። ተረቱም ደረቅ ዜና መስሎ ይቀራል።

ዎያካፒ ውስጥ የሚመደብ አንድ የማልጠግበው ነገር አለ። የዓመት ቆጠራ ነው። በየዓመቱ ሽማግሌዎች ተመካክረው ከሆነው ሁሉ አንድ ነገር ይመርጣሉ፤ አንድ ሰው በቆዳ ላይ ይሥለዋል፤ ዓመቱም በዚያ ሥዕል ይጠራል። በብዙዎቹ ቆዳዎች ላይ እንደ አውሮፓውያን 1833 «ከዋክብት የወደቁበት» ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ከፍተኛ የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ መታየቱን የሥነ ፈለክ ሰዎችም መዝግበውታል። ስለዚህ «አፈ ታሪክ» ብለን ከምናልፈው ውስጥ ቀኑ የሚመሳከር አለ።

ለምን በበረዶ ወራት ብቻ ይነገራል?

ኦሁንካካን የሚነገረው በብርዱ ወቅት፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። በአማርኛ «ክረምት» ብል ሐምሌና ዝናብ ይመጣባችኋል። የነሱ ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው፣ ሜዳው በበረዶ ተሸፍኖ ከድንኳን መውጣት የሚያስጠላበት ጊዜ ነው። በበጋ አደን አለ፣ ጉዞ አለ፣ ፍሬ ለቀማ አለ። በብርዱ ግን ሁሉም በእሳት ዙሪያ ነው። ያለ ወቅቱ ያወራ ሰው ገላው ላይ ፀጉር ይበቅልበታል እያሉ ልጆችን ያስፈራሩ ነበር።

ይህን ሳውቅ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ተረቶቹ ስናነባቸው ድንገት የሚቆሙት ለዚህ ነው። ተናጋሪው «እስከዚህ ነው፣ አለቀ» ብሎ ይዘጋል፤ እኛ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እንደምንለው ማለት ነው። ተረቱ ባለቀበት ጨዋታው አያልቅም። ነገ ማታ ሌላ አለ። ልጁ ያንኑ ተረት በአንድ የብርድ ወቅት ደጋግሞ፣ ከዓመት ዓመትም ከተለያየ አፍ ይሰማዋል። በስድስት ዓመቱ በዳክዬዎቹ የሳቀ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ «ለምን ጨፈኑ?» ብሎ ያስባል። ትምህርቱን የሚጨርሰው ጊዜ ነው። እኔ የእህቴን ልጅ በአንድ ማታ ልጨርሳት ነበር የፈለግኩት።

ኢክቶሚ ክፉ ነው ወይስ ደግ?

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። ኢክቶሚን እንደ ተንኮለኛው ጦጣ ብቻ ካየነው ግማሹ ያመልጠናል። በአንዳንድ ትረካዎች ለእንስሳት ስም ያወጣ፣ ቋንቋን ያስተማረ እሱ ነው ይባላል። ያው ፍጡር ደግሞ የተራበ፣ የሚቅለበለብ፣ የሚዋሽ ነው። ጥበብና ቅሌት አንድ ቆዳ ውስጥ ገብተዋል። ለኛ ግር ይላል። ለነሱ አይልም።

ሌላ ተረት ልጨምር። ኢክቶሚ ሦስት ቀን ጾሙን ውሎ አድሮ ወደ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ሄደ። «ቅድመ አያቴ ሆይ፣ ምግብ ስጠኝ» ብሎ ለመነና ብርድ ልብሱን አልብሶት ሄደ። ወዲያው የቆሰለ አጋዘን አገኘ። ሊበላ ሲል በረደው። «ድንጋይ ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል?» አለ። ተመልሶ ከቋጥኙ ላይ ገፈፈ። ተጠቅልሎ፣ ሞቆት፣ ደስ ብሎት ወደ ሥጋው ሲመጣ የጠበቀው የነጣ አጥንት ብቻ ነበር።

«ከመብላቴ በፊት ባልነጥቀው ኖሮ» ብሎ ነው የተጸጸተው ይላሉ። እዚህ ጋ ነው ሳቄ የመጣው። የቆጨው መንጠቁ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። መጀመሪያ በልቶ ቢነጥቅ ኖሮ ምንም አይመስለውም ነበር ማለት ነው።

አሁን አጠራሩን አስተውሉ። ቋጥኙን «ቅድመ አያቴ» ይለዋል። በሌሎችም ብዙ ተረቶች ሊበላቸው የሚፈልጋቸውን እንስሳት «ታናሽ ወንድሜ» እያለ ነው የሚቀርባቸው። በዳኮታ ኑሮ የዝምድና ቃል ቀላል ነገር አይደለም። ኤላ ዴሎሪያ የተባለችው ዳኮታዊት ምሁር እንደምታስረዳው የኑሮ ሁሉ ግብ ጥሩ ዘመድ መሆን ነው። አንድን ሰው «ወንድሜ» ካልከው ለወንድም የሚገባው ሁሉ ይገባዋል። እንግዳ እንኳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈለግለት ዝምድና ነው። ጸሎት ሲያበቁ የሚሉትም «ሚታኩዬ ኦያሲን» ነው፤ ዘመዶቼ ሁሉ ማለት ነው። በ«ሁሉ» ውስጥ እንስሳው፣ ዛፉ፣ ድንጋዩም አለ።

ስለዚህ የኢክቶሚ ወንጀል ከውሸት ይብሳል። የዝምድናን ቃል መግቢያ አድርጎ፣ ከገባ በኋላ ቃሉን ይበላዋል። ለሰሚው ይህ አስደንጋጭም አስቂኝም ነው። እኛም ጋ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለ ኪስ የሚያወልቅ አይጠፋም፤ መርካቶ የዞረ ሰው ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ሰው በማግስቱ ተጸጽቶ ሲመለስ አላየሁም። ኢክቶሚም አይማርም፤ ቢማር ተረቱ እውነቱን ያጣ ነበር።

ነጯ ጎሽስ? ለምን ዜና ሆነች?

ይህኛው ከኢክቶሚ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ መግባት የሌለበት ነው። ለላኮታዎች ቅዱስ ታሪክ ነው፤ ሳቅ የለበትም።

ሕዝቡ በተራበበት ዘመን ሁለት ወጣቶች ለአደን ወጡ። ከሩቅ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ስትመጣ አዩ። አንዱ ክፉ ምኞት አደረበት። ጓደኛው «ተው፣ ይህች ተራ ሴት አይደለችም» ቢለው አልሰማም። ሲጠጋት ደመና ሸፈናቸው። ደመናው ሲገለጥ እግሯ ሥር የቀረው አጥንቱ ነበር። ሌላውን «ሂድና ሰፈርህን አዘጋጅ፣ እመጣለሁ» አለችው። መጣች። «ቻኑንፓ» የሚባለውን ቅዱስ ፒፓ ሰጠቻቸው፤ በእሱ እንዴት እንደሚጸለይ አስተማረቻቸው። ስትሄድ መሬት ላይ ተንከባለለች። ስትነሳ ጎሽ ሆና ታየች። እንደዚያ እየተንከባለለች ቀለሟ ሲለዋወጥ በመጨረሻ ነጭ ጥጃ ሆነች። ስሟም ከዚህ ነው፤ የነጭ ጎሽ ጥጃ ሴት።

ፒፓው ዛሬም በደቡብ ዳኮታ፣ ግሪን ግራስ በተባለች ቦታ አለ ይላሉ። ጠባቂው አርቮል ሉኪንግ ሆርስ 19ኛው ትውልድ ናቸው። ኃላፊነቱን የተረከቡት በ12 ዓመታቸው ነው።

በሰኔ 2024 በአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ላማር በሚባለው ሸለቆ፣ ነጭ የጎሽ ጥጃ ተወለደ። ፎቶው ዓለምን አዳረሰ። ብዙ ሰው «ምን ያስደንቃል፣ የቀለም ጉዳይ ነው» አለ። ላኮታዎች ግን በዚያው ወር ሥርዓት አድርገው «ዋካን ግሊ» ብለው ሰየሙት፤ የተቀደሰው ተመለሰ እንደማለት ነው። አርቮል ሉኪንግ ሆርስም ልደቱን በረከትም ማስጠንቀቂያም ብለውታል። ጥጃው ከተወለደበት ቀን በኋላ ዳግም መታየቱ አልተረጋገጠም። ከጀርባው ያለውን ለማሰብ አንድ ቁጥር ይበቃል። በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው የሜዳው ጎሽ በ1880ዎቹ መጨረሻ ላይ ወደ ጥቂት መቶዎች ወርዶ ነበር። ያ መንጋ ሥጋቸው፣ ልብሳቸው፣ ድንኳናቸው ነበር። የአንድ ጥጃ ልደት ለምን እንደሚያስለቅስ ከዚህ በላይ ማብራራት አልችልም።

ተረቱ ከመሬቱ ጋር ምን አገናኘው?

ብዙዎቹ ታሪኮች «በአንድ አገር» አይሉም። ሄደህ የምትነካው ቦታ አላቸው።

በደቡብ ዳኮታ ብላክ ሂልስ የሚባሉት ተራሮች ውስጥ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ሰው ተጣጥፎ እንኳ በግድ ነው የሚገባባት። ከውስጧ ነፋስ ይወጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ውስጥ ይስባል። የሳይንሱ ማብራሪያ ቀላል ነው፤ የውጭው አየር ግፊት ሲቀንስ ዋሻው ይተነፍሳል፣ ሲጨምር ይስባል። ላኮታዎች ሕዝባችን ከምድር በታች ወደ ምድር የወጣው በዚህች በር ነው ይላሉ። ያታለላቸውም፣ ገመታችሁ፣ ኢክቶሚ ነው፤ ሥጋና ጥሩ ልብስ አሳይቶ። ቦታው ከ1903 ጀምሮ ዊንድ ኬቭ የተባለ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቀዳዳዋ አጠገብ ቆሞ ፊቱ ላይ ትንፋሽ የመጣበት ሰው «ምድር እናት ናት» የሚለውን አባባል እንደ ግጥም ብቻ የሚሰማው አይመስለኝም።

እነዚሁን ተራሮች ቀለበት ሆኖ የሚዞር ቀይ የሸለቆ መሬት አለ። ታሪኩ ባለሁለት እግሮችና ባለአራት እግሮች ተወዳደሩ ይላል፤ ማን ማንን ይብላ ተብሎ። ማግፓይ የምትባል፣ ጥቁርና ነጭ የሆነች የቁራ ዘመድ ጎሹ ላይ ተቀምጣ ስትጓዝ ቆየች። ጎሹ ሊያሸንፍ ሲል ብር ብላ ቀደመችው። ለሰው ወገን አሸነፈች። መሬቱ የቀላው ሯጮቹ በተፉት ደም ነው።

ወደ ምዕራብ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ፣ 264 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመ ዓለት አለ። ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተሸንትሯል። ላኮታዎች «ማቶ ቲፒላ» ይሉታል፤ የድብ ቤት። ልጆች ከድብ ሲሸሹ መሬቱ ከፍ አደረጋቸው፤ ድቡ ሲቧጥጥ የጥፍሩ ምልክት ቀረ። ኪዮዋ የሚባሉት ሕዝብና ሌሎችም የራሳቸው ቅጂ አላቸው። በካርታ ላይ ግን ስሙ «የዲያብሎስ ግንብ» ነው፤ በ1875 የመጣ የጦር አሳሽ ቡድን ያወጣለት። በ1906 የአገሪቱ የመጀመሪያው ብሔራዊ መታሰቢያ ሆነ። ከ1995 ወዲህ በሰኔ ወር ዓለት ወጪዎች በፈቃዳቸው እንዳይወጡ ይጠየቃሉ፤ ወሩ ሥርዓት የሚካሄድበት ስለሆነ።

ይህ ሁሉ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በ1868 ውል ብላክ ሂልስ ለላኮታዎች ተጠብቆ ነበር። በ1874 ወርቅ ተገኘ። በ1877 መንግሥት መሬቱን ወሰደው። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መወሰዱ ካሳ የሚያስከፍል ነው ብሎ ፈረደ፤ ከነወለዱ ወደ 106 ሚሊዮን ዶላር። አልተቀበሉም። ገንዘቡ በመንግሥት አደራ ተቀምጦ ዛሬ ከቢሊዮን ዶላር አልፏል። «ድሆች ናቸው፣ ለምን አይወስዱም?» የሚል ሰው ብዙ ነው። የወጡበትን በር ሽጡ ማለት እንደሆነ ተረቱን ሳያውቅ ይህን መረዳት ይከብዳል።

ማን ጻፋቸው? ስንት ነገር ጠፋ?

ብዙ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ከራሳቸው ከዳኮታዎች የጻፉት ግን ይለያሉ። ዚትካላ ሻ በ1876 ተወለደች። ስሟ «ቀይ ወፍ» ማለት ነው። በስምንት ዓመቷ ከእናቷ ቤት ወደ ሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ተወሰደች። እዚያ ወንበር ላይ አስረው ፀጉሯን ቆረጡት። በነሱ ባህል ፀጉሩ የሚቆረጥ ኀዘንተኛ ወይም ፈሪ ነው። እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች የራስን ቋንቋ መናገር ያስቀጣ ነበር። ያቺው ልጅ በ1901 የሕዝቧን ተረቶች በእንግሊዝኛ አሳተመች። ከላይ ያነበባችኋቸው የዳክዬውና የብርድ ልብሱ ተረቶች በብዛት የታወቁት በሷ በኩል ነው። አንዱን ተረት ከተለያየ ሰው ስሰማው በጥቃቅኑ ይለያያል ብላም ጽፋለች። ስለዚህ «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብላችሁ አትድከሙ።

ኤላ ዴሎሪያ ደግሞ በ1932 ስልሳ አራት ተረቶችን በዳኮታ ቋንቋና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አወጣች። ከሽማግሌዎች አፍ ሰምታ የጻፈችው ነው። የእሷ ሥራ ትልቅነት እዚህ ጋ ነው፤ ያቺ የምትወድቀው «ይባላል» አልወደቀችም። ዛሬ ቋንቋውን የሚማሩ ወጣቶች ከሱ ያነባሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም። በበይነ መረብ «የጥንት የሱ ሕንዶች አባባል» እየተባለ ከፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ጋር የሚዞር ብዙ ነገር አለ። ስለ ልብ ሰላም። ተናጋሪ የለው፣ ቦታ የለው፣ ወቅት የለው። እኔ እንዲህ ያለ ሲገጥመኝ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ሰው የሚያስቅ ነገር አለበት? ከሌለበት ኢክቶሚን የፈጠሩት ሰዎች ያወሩት መሆኑን እጠራጠራለሁ።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ መጥታ ነበር። ግንቦት ነው፤ የዳኮታ ሜዳ ላይ በረዶው ቀልጦ ሣር አብቅሏል። «ሌላ የሸረሪቱን ንገረኝ» አለች። አሁን አይነገርም፣ ኅዳር ይድረስ፣ ያለ ጊዜው ያወራ ፀጉር ይበቅልበታል አልኳት። ትንሽ አሰበች።

«አንተ ላይ ነው ወይስ እኔ ላይ?»

«ያወራው ላይ።»

«እንግዲያ ንገረኝ» አለችና ትራሱን አመቻችታ ጋደም አለች።